ፊልም ለመማር የት ልሂድ? የአንዲት ጎንደሬ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የጻፈችው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተመርቃለች። በተማረችበት ሥራ ስታጣ ካሜራ አንስታ ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት መቅረጽ ጀመረች። አሁን ውጭ ሄዳ ፊልም መማር አምሯታል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። የትኛው ሀገር እንደሚሻል፣ እጁ ላይ ገንዘብ ለሌለው ሰው መንገድ ይኖር እንደሆነና የሰርግ ቪዲዮ ለማመልከቻ የሥራ ናሙና ሆኖ ይቆጠር እንደሆነ። በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እዚህ ሀገር ፊልም ተምሮ የትም አይደረስም የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገች።

የውይይቱን ክር ያስረዘመችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ያለ እሷ በአምስት በስድስት መልስ ያልቅ ነበር። አሁን 26 ደርሷል፤ ገናም አልተዘጋም። ከላይ እስከ ታች አንብቤ የሚጠቅመውን ለመለቃቀም ሞክሬያለሁ። ሁሉንም እኩል አላወራውም። አንዳንዱ አንድ መስመርም አይገባውም።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነው። እሰይ ብሎ አበረታታትና አንድ ጥያቄ ብቻ መልሶ ጠየቃት። መማር የምትፈልገው ካሜራ ይሁን፣ ዳይሬክቲንግ ይሁን፣ ኤዲቲንግ ይሁን ወይስ ስለ ፊልም መጻፍና ማስተማር፣ ለይታ እንድትናገር። ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችለትም። ኋላ ላይ ከመጣው ጠብ ግማሹ የመጣው ይህ ሳይመለስ በመቅረቱ ነው።

2ኛው ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ፊልም ተሰጥኦ እንጂ ትምህርት አይደለም የሚል ሰው ነው። ለቪዛና ለትኬት የሚወጣውን ብር ካሜራና ላፕቶፕ ብትገዛበት እንደሚሻላት፣ ዩቲዩብ ላይ የማይገኝ ትምህርት እንደሌለ፣ ውጭ ሀገር የሚባለው ነገር ራሱ ወሬ እንደሆነ ዘረዘረ። ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ነው። ማን እንዳናደደው አይታወቅም።

3ኛው ለቀቅ አላደረገውም። የጎንደር ልጅ ሆኖ ይህን መናገር ነውር እንደሆነ ነገረው። ማስረጃ አድርጎ ያመጣው የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ነው። ኃይሌ በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወልዶ፣ አሜሪካ ሄዶ ተምሮ፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፊልም አስተምሯል። ጤዛ የተባለው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ በዓመቱ ደግሞ ቡርኪናፋሶ ፌስፓኮ የተባለው የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ትምህርት ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ከዚህ በላይ መልስ እንደማያስፈልገው ጽፎ ደመደመ።

4ኛው ሁለቱንም አረመ። እርማቱን ወድጄዋለሁ። ኃይሌ ከሀገር የወጣው ፊልም ለመማር አልነበረም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የገባው ቺካጎ የቲያትር ትምህርት ቤት ነው። ፊልም የያዘው ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። ሌላም ጨመረ፤ አባቱ ተውኔት ይጽፉና ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤቱን ከማየቱ በፊት እዚሁ ሰው ፊት ታሪክ ሲተወን እያየ ነው ያደገው። 2ኛው ተሰጥኦ ሲል 3ኛው ዲግሪ ይላል፤ ከሁለቱ በፊት የነበረውን ቤት ግን ሁለቱም ረስተውታል ማለቱ ነው።

5ኛው የክሩ ጭማቂ ነው። የጻፈችው የጎንደር፣ የጨጨላ ሰፈር ልጅ ናት፤ አሁን ቡዳፔስት ናት። ዶክኖማድስ የሚባል የዶክመንተሪ ፊልም ማስተርስ ትማራለች። ሁለት ዓመት ነው። ተማሪው እየዞረ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራሰልስ ይማራል። ስኮላርሺፑ የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ ለኑሮ ደግሞ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ቤት ኪራይና ምግብ ከዚሁ ነው የሚወጣው። እንደማያንፈላስስ ግን ደግሞ እንደማያስርብ ነግራናለች።

ስለ ሰርግ ቪዲዮው የመለሰችው ግን ከስኮላርሺፑም ይበልጥብኛል። ሙሽራና ሙሽሪት ጎሃ ሆቴል በረንዳ ላይ ቆመው በዝግታ ሲዞሩ የሚያሳየውን ክሊፕ ማንም ዳኛ አያይልሽም አለቻት። ከዚያው ሰርግ ለደንበኛው ያልተሰጠውን ቀረጻ እንድትፈልግ መከረቻት። ሌሊት ድንኳን ሥር ሽንኩርት እየላጡ የሚያወሩትን ሴቶች። ዘፈን አልቆ ገመድ የሚጠቀልለውን ልጅ። ሰርግ የቀረጸ ሰው በመጥፎ መብራት መሥራትና የማይደገም ነገር እንዳያመልጠው መጠንቀቅ ያውቃል። ብዙ የፊልም ተማሪ ይህን የሚለምደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው።

እሷ ራሷ ያስገባችው የሰባት ደቂቃ ፊልም ነበር። ጥምቀትን ሁሉም ይቀርጻል። ታቦቱ ሲወርድ፣ ሕዝቡ ውኃው ውስጥ ዘሎ ሲገባ፣ ነጭ በነጭ። እሷ በዓሉን ትታ ቀደም ብላ ሄደች። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ በቦይ ይገባል። ያንን ነው የቀረጸችው። ውኃው መጀመሪያ ስስ ሆኖ ደረቁ ወለል ላይ ሲሳብ፣ አቧራና ቅጠል ፊቱ ላይ አንሳፎ ሲገፋ፣ ልጆች ግንቡን በወረሩት የዛፍ ሥሮች ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ። አንድ ጥበቃ በየጠዋቱ እየመጣ ዱላውን ውኃው ውስጥ ይነክርና እስከ የት እንደረጠበ ያያል። ዱላው ላይ በቢላ የተቆረጡ ምልክቶች አሉ። ሙዚቃ የለውም፤ ተራኪ የለውም። ፊልሙ የሚያልቀው ዋዜማው ሳይደርስ ነው። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉላት ግማሹን ሰዓት የጠየቋት ስለዚያ ዱላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰው ስለዚህ ያወራል ብዬ ጠብቄ ነበር። 6ኛው ግን ፋሲል ግንብን ከላይ በድሮን ብትቀርጸው ይበልጥ አይስባቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። 7ኛው ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይበር፣ ከውጭ ሲገባም ቦሌ ጉምሩክ ላይ እንደሚያዝ አስታወሰው። በዚህ ጊዜ በእኛ ሰማይ ላይ የሚያንጎራጉር ነገር ማንን ደስ እንደሚለውም ጠየቀው። ትክክል ነው፤ እኔም ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም። 8ኛው ደግሞ ስለ ጎንደር ሰርግ ቀራጮች የሚያማርር ነው። ቄሱ ሲባርኩ ካሜራማኑ መሐል ገብቶ ጀርባውን ለዘመድ እንደሚሰጥ፣ የእህቱን ሰርግ ያየው በካሜራማኑ ጃኬት በኩል እንደሆነ ጻፈ። አሳቀኝ። ከፊልም ትምህርት ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። እዚያው ሥር 2ኛው ተመልሶ መጣና አዘዞ ላይ ያገለገለ ካኖን ካሜራ እንደሚሸጥ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር እንደሚነገር አስታወቀ። ቅድም ካሜራ ግዢ ያለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

9ኛው ክሩን ወደ መስመሩ መለሰው። አንካራ ያለ ልጅ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በኦንላይን ነው፤ አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም። ትምህርቱን፣ ዶርሙን፣ የጤና መድኑን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የወር አበሉን ይሸፍናል። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ይማራል፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይገባል። በብዙ የቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሲኒማ የሚባል ክፍል አለ። ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች መሆን አለበት። ቋንቋውን ብዙ ሰው እንደ ባከነ ዓመት እንደሚቆጥረው፣ ለእሱ ግን ከሁሉ የጠቀመው ያ ዓመት እንደሆነ ጽፏል። በቱርክኛ ቀልድ መቀለድ ከቻለ በኋላ ነው የቀረጻ ቡድን ውስጥ ያስገቡት። ያም ቢሆን የመጀመሪያ ሥራው ገመድ መሸከም ነበር።

10ኛው ስለ እንግሊዝ ነው። ቺቭኒንግ የተባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ እንድታመለክትና ቢከንስፊልድ ያለው ብሔራዊ የፊልምና ቴሌቪዥን ትምህርት ቤት እንድትገባ መከራት። ጥሩ የሚመስል ምክር ነው። 11ኛው ግን አንድ በአንድ አፈረሰው። ቺቭኒንግ የሚከፍለው ከ9 እስከ 12 ወር ለሚፈጅ ማስተርስ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ያሉት አብዛኞቹ ማስተርሶች ደግሞ ሁለት ዓመት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም። ቺቭኒንግ ከፈለገች ሌላ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ኮርስ ትፈልግ። ደግሞም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ በሙሉ ጊዜ ሲሰላ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የትርፍ ጊዜና የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። የፎቶ ቤቱን ሥራ በወረቀት ማስረጃ አስደግፋ ከያዘችው ያለጥርጥር ይገባላታል። ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ ሀገር መመለስ ግዴታ እንደሆነም አስታወሳት። 10ኛው አመስግኖ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

12ኛውን የጻፉት አንድ አባት ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ። የተማሩት ፊልም ሳይሆን ምሕንድስና ነው። ግን ሞስኮ ያለውን ቭጊክ የተባለ የፊልም ትምህርት ቤት ያውቁታል። በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የፊልም ትምህርት ቤት መሆኑን ጻፉ። ዳይሬክተሮቹ የማሊው ሱሌይማን ሲሴና የሞሪታንያው አብደራህማን ሲሳኮ እዚያ ነው የተማሩት። ከዚያ ወሬው ወደ ብርዱ፣ ወደ ጎመን ሾርባውና ከጎንደር በርበሬ ይልክላቸው ወደነበረ ወንድማቸው ሄደ። ርዝመቱ አንድ ገጽ ይሆናል። ማንም አላቋረጣቸውም። ስለ ፊልም ያለው ሦስት መስመር ነው፤ የቀረው ግን ተነበበ።

13ኛው ጋሼ ብሎ ካመሰገናቸው በኋላ ስለ ሕንድ ጨመረ። ፑኔ ያለው የሕንድ የፊልምና ቴሌቪዥን ተቋም ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የቆመውም በድሮ የፊልም ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ነው። የውጭ ተማሪም ይቀበላል። ከእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መምህር ሕንድ ሄዶ ተምሯል። የፊልም ተማሪ ግን ስሙን ሲያነሳው አይሰማም። ለምን እንደሆነ እኔንም ይገርመኛል። ሰው የሚመርጠው ትምህርቱን ነው ወይስ አየር ማረፊያውን?

14ኛው የብር ሰው ነው። ስሌት ይወዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስለዚህ በራስ ገንዘብ እማራለሁ ማለት ለጎንደር ደመወዝተኛ ቤተሰብ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያበቃለት ነገር እንደሆነ ነው የጻፈው። አሜሪካ ከሆነ ቪዛው መገኘቱ ገና ሳይታወቅ 350 ዶላር የተማሪ ምዝገባ፣ 185 ዶላር የቪዛ ይከፈላል፤ ቪዛው ቢከለከልም የቪዛው ብር አይመለስም። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው ክፍያ የለውም። ግን ለቪዛው 11,904 ዩሮ በዝግ አካውንት ማስቀመጥ ይጠየቃል። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጠዋል። የጀርመን የፊልም ትምህርት ቤቶችም በብዛት የሚያስተምሩት በጀርመንኛ ነው። ቼክ ደግሞ በቼክኛ ለሚማር ሰው የመንግሥት ትምህርት ነፃ ነው፤ ፕራግ ያለው ፋሙ የተባለ የፊልም ትምህርት ቤትም እንደዚሁ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ይከፈላል። ሰውየው እንደ 2ኛው አይሂዱ ባይ አይደለም። ስኮላርሺፕ ወይም ቋንቋ፤ ከሁለቱ አንዱን ያልያዘ አይነሳ ነው የሚለው።

15ኛው ላይ ነገር ከረረ። የ1ኛው ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ዋጋ ያስከፈለው እዚህ ነው። ጸሐፊው አውሮፓ ሄዶ ፊልም ስተዲስ የሚባል ማስተርስ ተምሯል። በትምህርቱ ጊዜ ሁሉ ካሜራ በእጁ አልነካም። ሲያነብ፣ ሲያይ፣ ወረቀት ሲጽፍ ጨረሰ። እቤት ሲደውሉ ፊልምህን መቼ እናያለን እያሉ ይጠይቁት ነበር። ፊልም ስተዲስ፣ ሚዲያ ስተዲስና ኮሙኒኬሽን የሚሉ ስሞችን ስታይ የኮርሱን ዝርዝር ሳታነብ እንዳታመለክት አስጠነቀቃት። እስከዚህ ድረስ ወርቅ ምክር ነው። ከዚያ ግን ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰዎችን ሁሉ ካሜራ የሚፈሩ ብሎ ሰደበ።

16ኛው አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። በትሕትና ነው የመለሱት። የ15ኛው ቅሬታ የገባቸው ቢሆንም ጥፋቱ የትምህርቱ እንዳልሆነ አስረዱ። ፊልም የሚተች፣ ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ፣ የቆየ ፊልም የሚጠብቅ፣ የሚያስተምር ሰው የሚወጣው ከዚያ ነው። እሱም ቢሆን እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። የጠያቂዋንም የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አነሱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማስተርስ አለ፤ ልጅቷ እሱን ሳትመለከት የትም አይደረስም ማለቷን አልወደዱትም። ሁሉም አንቱ እያሉ ተስማሙ። 15ኛውም ቢሆን አንቱ ብሎ ነው ያልተስማማው።

17ኛው መጣ፤ ክሩ ተቃጠለ። የሄደ እንደማይመለስ፣ የውጭ ትምህርት ማለት የሀገር ልጅ በነፃ ማስረከብ እንደሆነ ጻፈ። የጨጨላዋን ልጅ በስም ባይጠራም እሷን ነው የነካው። ቡዳፔስት ቁጭ ብሎ ስለ ጥምቀት ማውራት ቀላል ነው ዓይነት ነገር ነው። 18ኛው ዳይሬክተሮቹን ያሬድ ዘለቀንና ዘረሰናይ ብርሃነን አመጣበት። ያሬድ ኒውዮርክ ተምሮ የሠራው ላምብ የተባለ ፊልም የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል በይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ዘረሰናይም ሎስ አንጀለስ ተምሮ ድፍረት የተባለውን ፊልም እዚሁ ሠራ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። አለመመለስና አለመሥራት አንድ አይደሉም ለማለት ነው። በእኔ ግምት 18ኛው ረትቷል። ግን አረታቱ አልጣመኝም፤ መጨረሻ ላይ 17ኛውን ፓስፖርት ስላላገኘህ ነው የሚል አሽሙር ወረወረበት። 19ኛውን አላየሁትም። ተሰርዟል። ከተከተለው ዝምታ ምን ዓይነት ስድብ እንደነበር መገመት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ አቧራ መሐል 20ኛው መጣ። ማንም ላይክ አላደረገውም፤ ማንም አልመለሰለትም። ለእኔ ግን ከ5ኛው ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ጸሐፊው አንድ ዓመት ያመለጠው ሰው ነው፤ ስኮላርሺፕ አግኝቶ በወረቀት ምክንያት። ብዙ ተመራቂ ኪሱ ውስጥ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳ መዘጋት አለበት። እሱን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ ሬጅስትራር ሄዶ፣ ተሰልፎ ማውጣት ነው። ከዚያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ይመታበታል። እሱን የያዘው ግን ሌላ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተደግሟል፤ ዲግሪው ላይ አልተደገመም። አንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ሲያስጽፍ ቀኑ አለፈ። ስለዚህ ማመልከቻ ሳይከፈት ፓስፖርቱንና ዲግሪውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ፊደል በፊደል እንድታስተያይ መከራት።

ይህን ሳነብ ሌላው ሁሉ ጭቅጭቅ ቀለለብኝ። ሰዉ ስለ ፕራግና ስለ ኒውዮርክ ሲከራከር ነገሩ የሚወሰነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሬጅስትራር መስኮት ላይና ሰባት ደቂቃ ፊልም ላይ ነው። ሁለቱም እዚህ ጎንደር ናቸው። ሀገር መምረጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

21ኛው የእንግሊዝኛ ፈተናን አነሳ። አይኤልትስ ለመፈተን አዲስ አበባ መሄዱ ራሱ ወጪ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው። ስለዚህ ዱኦሊንጎ የተባለውን የኦንላይን ፈተና ቤቱ ሆኖ ለመፈተን ተቀመጠ። መሐል ላይ ኔትወርክ ጠፋ፤ ፈተናው ተሰረዘ። ነሐሴ 2015 ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ያመለከተበት ትምህርት ቤት የላከለትን ኢሜይል ያነበበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የሰጠው ምክር ሁለት ነው። የይለፍ ቃሉን ከከተማ ውጭ ያለ የሚያምኑት ሰው እንዲይዘው ማድረግ፤ እንዲሁም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ማውጣት። ደብዳቤውን በፈተና ፋንታ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

22ኛው የአንድ አባት ጥያቄ ነው። ልጃቸው 12ኛ ክፍል ናት፤ እሷም ፊልም ፊልም ትላለች። እሳቸው የጠየቁት ስለ ስኮላርሺፕ አይደለም። ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት እንደምትኖር፣ በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላ እንደሆነ፣ ሰው ሲጠይቅ ልጄ ምን ትማራለች ብለው እንደሚመልሱ። የጨጨላዋ ልጅ አባባ ብላ በአክብሮት መለሰችላቸው። ከእሷ ጋር ካሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ሴቶች እንደሆኑ፣ ከምርቃት በኋላ አብዛኛው ሰው ለቴሌቪዥን፣ ለድርጅትና ለማስታወቂያ እየሠራ የራሱን ፊልም ጎን ለጎን እንደሚሠራ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ለሰው የሚመልሱትን በተመለከተ ግን ራሷም አባቷ ምን እንደሚሉ እንደማታውቅ ጻፈች።

23ኛው ስለ ደላላ ነው፤ አጭር ግን ትኩስ። ቅበላ እናስጨርሳለን የሚል ሰው ብር ተቀብሎት ጠፍቷል። የሰጠው የቅበላ ደብዳቤም የውሸት ነበር። የቱርክም፣ የኢራስመስም፣ የቺቭኒንግም ማመልከቻ ራስ በራስ በነፃ የሚሞላ መሆኑን በትልልቅ ፊደል ጽፎታል። ይገባዋል።

24ኛው ላይ ልጅቷ ተመለሰች። መጀመሪያ ያደረገችው 1ኛውን መመለስ ነው። የምትፈልገው ዶክመንተሪ ዳይሬክቲንግ ነው፤ ካሜራውንም ራሷ መያዝ ትፈልጋለች። ቱርክንና ዶክኖማድስን አብራ ታመለክታለች። ቺቭኒንግን የሥራ ሰዓቷ እስኪሞላ አቆየችው። ለመምህሩ የአዲስ አበባውን ማስተርስ እንደምትመለከት ቃል ገባች። ዓረፍተ ነገሯን ግን አልሳበችም። ለ17ኛውም ሆነ ለካሜራ ሻጩ አንድ ቃል አልመለሰችም። ብልህ ናት። የኮስት ሼሪንጉን ነገር አላነሳችውም። እኔ እሷን ብሆን ነገ ጠዋት የምጀምረው ከእሱ ነበር።

25ኛው ስለ ሌንስ ይጠይቃል፤ ይለፈው። 26ኛው ፊልሙ በአማርኛ ከሆነ ይቀበሉ እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚላክ የሚጠይቅ ነው። እስካሁን የመለሰለት የለም። ስለዚህ እኔ ልመልስ። ይቀበላሉ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ ይግባበት። ፋይሉን በኢሜይል አይልክ፤ ኢንተርኔት ላይ ጭኖ ሊንኩን ያስገባ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ቃሉን ማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ ዳኞቹ አይተው እስኪጨርሱም አይቀይረው። መጫኑን ደግሞ ለመጨረሻው ቀን አያቆየው፤ ኔትወርኩን እናውቀዋለን።